ጨጓራ ያልሆነው «ጨጓራ»

በዚህ ወር ወደ ኮንጋ ይዣችሁ ልወርድ ነው። ኮንጋን በስም የማታውቋት ብትኖሩ እንኳ ቡናዋን ሳትቀምሱ አትቀሩም። በጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋጨፌ ከተማ ጥቂት እልፍ ብላ የምትገኝ ቀበሌ ናት። እዚያ ቡና ለብቻው አይበቅልም፤ ከላይ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና ሆኖ ኮረብታውን ያለብሰዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንዲህ ያለው ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ስለ ይርጋጨፌ ቡና የአበባ መዓዛና የሎሚ ቃና ብዙ ብሮሹር ጽፌያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ቡናውን ስለሚለቅሙት ሰዎች እንቅልፍ ነው፤ ምናልባትም በእናንተው ሳሎን ስለተቀመጠ ሰው እንቅልፍ።

ኮንጋ ላይ «ድባቴ ይዞኛል» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቦሌና ሲኤምሲም ቢሆን ብዙ አልሰማሁም። የምሰማው «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «ሰውነቴን ይነዝረኛል»፣ «ጨጓራዬ ነፋኝ»፣ «እንቅልፍ የለኝም» ነው። ቤተሰቡም ወዲያው መልስ አለው፤ ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ደም ማነስ ነው፣ ምች ነው። ገንዘብ ያለው ኢንዶስኮፒና የልብ አልትራሳውንድ ድረስ ይሄዳል። ውጤቱ «ምንም የለብህም» ሲባል ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል፤ ሰውየው የሚሰማውን ስቃይ ያውቀዋላ! «ሆድ ይፍጀው» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ሆዳችን ሲፈጀን ለሆዳችን መድኃኒት እንገዛለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው ከጭንቀት ሕመም ጋር፣ 280 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ከድባቴ ጋር እንደሚኖር ገምቷል። ቁጥሩን ያነሣሁት «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አጎት በየቤቱ ስለማይጠፋ ነው።

አክስቴ

አክስቴ የሚኖሩት ኮንጋ ነው፤ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ታሪካቸውን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን ግን ለእሳቸው ልተወው።

በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ የአክስቴ ቤት በዘመድና በዘመድ ዘመድ ሞልቶ ነበር። ሰው ወለሉ ላይ ተደራርቦ ይተኛል። እሳቸው ቆጮ ይጋግራሉ፣ ያጽናናሉ፣ የታመመ ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሲያለቅሱ ያየ የለም። የወደቁት ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት ጀመሩ። ቀጥሎ ራሳቸውን አቃጠላቸው። በኅዳር፣ ቡናው ቀልቶ ሰፈሩ ሁሉ ለለቀማ ሲወጣ፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው። የይርጋጨፌ ገበሬ የዓመቱን ገንዘብ የሚያገኘው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ቀይ ፍሬ ደግሞ «ቆይ ልዳን» ቢሉት አይጠብቅም። ጎረቤት «ሰነፈች» አለ። ልጆቻቸው «መተት ነው» አሉ። ሦስት ዓይነት የጨጓራ መድኃኒት፣ የታይፎይድ መርፌ፣ ግሉኮስ እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከቡናው የተረፈውም ገንዘብ እዚያው አለቀ።

በመጨረሻ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ከሆዳቸው ላይ እጇን አንሥታ ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ ደስ ይልዎ የነበረ ነገር ደስ ማለት ትቷል?» አክስቴም «ደስታ? ከእሱ ጋር ከተለያየን ቆየን» ብለው አለቀሱ።

ጥያቄው የነርሷ ፈጠራ አይደለም። ድባቴን ለመለየት ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የስሜት መደበት፣ ሌላው ፍላጎትና ደስታ ማጣት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከቆየና እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ትኩረት ከተዛባ፣ ወይም «እኔ ከንቱ ነኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ነገሩ ስንፍና አይደለም። ጭንቀት መልኩ ይለያል። አንዳንዱ ወራት ሙሉ ስለ ሁሉም ነገር መሥጋት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ድንገት መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ «አሁን መሞቴ ነው» የሚያሰኝ ድንጋጤ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሕመሞች አብረው ይመጣሉ።

ታዲያ የት ይኬዳል?

ስለ አእምሮ ሕክምና ስናወራ አብዛኞቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ስም ነው፤ አማኑኤል። ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ስለነበረ አይገርምም። እንዲያውም በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ሲጀመር፣ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ የካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከደቡብ ላለ ሰው ደግሞ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም ባለሙያ ያሠለጥናል። ከኮንጋ ዲላ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከዲላ ገና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ልዩነቱን የሚያውቀው በሽተኛ ይዞ የሄደ ነው።

ከዚያም ቀርቦ ማግኘት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴን ራሳቸው እንዲያክሙ መሠልጠን ጀምረዋል፤ በአገራችንም ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ላይ ለዓመታት ተሞክሯል። እዚያ የታየው ትልቁ ችግር የአክስቴው ነው። በሽተኛው ስለ ሰውነቱ ይናገራል፣ ባለሙያው ሰውነቱን ያክማል፣ ድባቴው ሳይለይ ያልፋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት። «እንቅልፌም ጠፍቷል፣ ሐሳብም በዝቶብኛል፣ ደስታም የለኝም» በሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ የላቦራቶሪ ወጪ ታድናችኋለች።

ምርመራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ልብን ያስመታል፣ ሲያንስ ያደክማል፤ ደም ማነስም ያደክማል። ጥሩ ሐኪም እነዚህን አይቶ ያልፋል። አንዴ ከታየ በኋላ ግን ያንኑ ምርመራ በሦስተኛ ክሊኒክ መድገም ገንዘብ መጣል ነው።

ንግግር ሕክምና ነው እንዴ?

ነው። ቀለል ላለ ድባቴና ለብዙው ጭንቀት የመጀመሪያው ምርጫ እንዲያውም እሱ ነው። ግን «አይዞህ፣ አታስብ» ማለት ሕክምና አይደለም፤ ያንን ሁላችንም በነፃ እንሰጣለን፣ ያዳነውም ሰው የለም።

ባለሙያ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ሥራ አለው። በድንጋጤ የሚሰቃየውን ሰው «ልቤ ሲመታ ምን ይታይሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ «መሞቴ ነው» የሚለውን ሐሳብ ይዘው አብረው ይፈትሹታል፤ ከዚያ የሸሸውን ታክሲ፣ ሊፍት ወይም ገበያ በትንሽ በትንሹ ያስለምደዋል። ድባቴ ላለበት ደግሞ ከአልጋ ያልወረደ ሰው «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ» የሚለውን ይገለብጠዋል። ቀድሞ ትንሽ ሥራ፣ በቀንና በሰዓት የተቆረጠ፤ ደስታው ኋላ ይከተላል። አክስቴ የተሰጣቸው የመጀመሪያ «መድኃኒት» ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ድረስ ሄደው ቡና የሚያሰጡ ሴቶች መሃል ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ነበር። መሥራት ግዴታ አይደለም፤ መቀመጥ ብቻ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠሉት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው አንድ አጭር ዘዴ ከአምስት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፤ አተነፋፈስን ማርጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መያዝ፣ ወደ ሥራ መመለስና ረዳት ሰው መፈለግ ናቸው ይዘቶቹ። የሠለጠነ ተራ ሰው ሊሰጠው ይችላል። ለዚህ የማደንቀው ምሳሌ ከዚምባብዌ ነው። እዚያ ሰው «አብዝቶ ማሰብ» የሚለው ሕመም አለ፤ በሾና ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ የእኛ «ሐሳብ በዛበት» ማለት ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። በሽተኛ መጥቶ ከአያትየዋ ጎን ይቀመጣል፤ ያወራሉ፤ አንድ ችግር ይመርጣሉ፤ ለሳምንቱ አንድ እርምጃ ይቆርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላም የድባቴ ምልክት የታየባቸው በአያቶቹ ከታከሙት 14 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 50 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጌዴኦ ሶንጎ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የመንደሩን ጉዳይ የሚያዩበት ቦታ ሶንጎ ይባላል። የድንበር ጠብ፣ የዕዳ፣ የጋብቻ ነገር እዚያ ይወራል። እንዲህ ያለ የመደማመጥ ልማድ ያለው ሕዝብ የዚምባብዌን አግዳሚ ከባዶ መጀመር አይኖርበትም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የድባቴ ወሬ ምሥጢር ይፈልጋል፤ ሸንጎ ፊት አይነገርም።

ለመሸጥ የሚያስቸግር መድኃኒት

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ጥቅሙ በአራተኛው ሳምንት የሚታይ ዕቃ ሽጡ ብትሉኝ እምቢ እላለሁ። የድባቴ መድኃኒት ግን ልክ እንደዚያ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መቁነጥነጥ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የፍትወት ስሜትንም ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ይህንን ሐኪም ሳይነግራችሁ ቢቀር ጠይቁት፣ አትፈሩ። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ለልብ ሕመምተኛና ለአረጋውያን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደም ይገድላል። መሻሻሉ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዴም ይዘገያል።

አክስቴ በአሥረኛው ቀን አቋረጡ። «ሆዴን አገለበጠው፣ ሕመሜም እዚያው አለ» አሉ፤ ከራሳቸው አንጻር ሲታይ ትክክል ናቸው። ልጃቸው እንደገና ዲላ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ ቁጣ አልጨመረም፤ መጠኑን ቀንሶ ከምግብ ጋር እንዲወስዱ አደረገ። በስድስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመሩ። ከዚያ ሁለተኛው ፈተና መጣ፤ ተሽሎኛል ብሎ ማቆም። መድኃኒቱ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። ድንገት ሲቆም ማዞርና መረበሽ ያመጣል፤ ሰዎች «ሱስ አስያዘኝ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

በእውነት ሱስ የሚያስይዘው ሌላ ነው። ዲያዚፓምና መሰሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋሉ፤ ለዚያም ነው የሚወደዱት። ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሲወሰዱ ግን ሰውነት ያለ እነሱ አልተኛም ይላል። ከጎረቤት ቦርሳ የሚገኝ «የእንቅልፍ ኪኒን» አትቀበሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለሐኪሙ ሳትናገሩ አትውጡ። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት ያለ ልክ የፈነደቃችሁበት፣ ሳትተኙ ብዙ ያወራችሁበትና ገንዘብ የበተናችሁበት ጊዜ ካለ፤ ያ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብስ ይችላል። ሁለተኛ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ይታከማል፤ ለምታጠባ እናት የሚመረጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ጡት ማስጣል የግድ አይደለም።

ቡናውስ?

ከቡና እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን መጻፉ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ካፌይን ጭንቀትን ያባብሳል፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። ድንጋጤ የሚይዘው ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ልቤ ለምን ይመታል ቢል መልሱ ሲኒው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ግን ለድባቴ በሽተኛ ከጎረቤት ጋር የመቀመጥ ጥቅሙ ትልቅ ነው። እኔ የምመክረው ቡናውን ወደ ጠዋት ማምጣትና ሲኒውን መቀነስ እንጂ ከሥነ ሥርዓቱ መቅረት አይደለም። ጫትና አልኮል ግን የሚሰጡትን እፎይታ በማግሥቱ በወለድ ያስከፍላሉ።

ጸሎትና ሐኪም

ጌዴኦ ውስጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸሎት ነው፤ ሌላ ቦታ ጠበል ነው፤ ሌላ ቦታ ዱዓ። የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ ይጸልዩላቸው ነበር፤ አሁንም ይመጣሉ። በአሥር ቀኑ ያቆሙትን መድኃኒት እንደገና እንዲጀምሩ ያሳመናቸው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ «የስኳር መድኃኒቴን የምውጠው ጸልዬ ነው» አሏቸው። የምትጠይቁት የሃይማኖት አባት «መድኃኒቱን ጣል» ካለ ግን፣ ጸሎቱን ይዛችሁ ምክሩን ተዉት።

ቤት ውስጥ የሚደረግ

በቤታችሁ ያለ ሰው «ብሞት ይሻላል»፣ «እናንተም ታርፋላችሁ» ካለ በቀልድ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁ፤ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጣ፤ መድኃኒቱንም ሌላ ሰው ይያዘው። ገጠር ዘመድ ካላችሁ ስለ ፀረ ተባዩ ስልክ ደውላችሁ ንገሩ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከአልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው።

ወደ ቀጠሮው አብራችሁ ሂዱ። የትራንስፖርቱን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት፤ አክስቴን ሊያስተጓጉላቸው የነበረው የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይሆን የሚኒባሱ ነው። ልጃቸው ቀጠሮውን ለገበያ በሚወርዱበት ቀን እንዲሆን ጠይቃ አስቀየረች፤ ሐኪሙም የአንድ ወር የነበረውን መድኃኒት የሁለት ወር አደረገላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝም እንዳትረሱ፤ ያለ ወረቀቱ ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። እስካሁን የተወሰዱትን መድኃኒቶች ማሸጊያ በሙሉ በፌስታል ሰብስቡና ለሐኪሙ አሳዩ፤ የጨጓራውንም ጭምር።